ከመያዝ እስከ ይግባኝ፦ ስለ ወንጀል ክስና ስለ ተከሳሽ መብት ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ዳር ካሉ ሰፈሮች፣ ከጣፎ፣ ከአያት፣ ከካራቆሬ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከአሸዋ ሜዳ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን አውጥቻለሁ። መልሶቹ የቆሙት በሦስት ሕጎች ላይ ነው፦ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እና በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ። «ሥነ ሥርዓቱ» ስል የመጨረሻውን ነው።

ጥያቄ (ጣፎ)፦ ወንድሜ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ተያዘ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ እስካሁን ፍርድ ቤት አላቀረቡትም። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ይህ ጊዜ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ አልፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ከቁጥር የሚያወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ከጣፎ ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ ቀናት አይፈጅም። መጀመሪያ ጣቢያ ሄደሽ የመርማሪውን ስም፣ የምርመራ መዝገቡን ቁጥርና የተጠረጠረበትን ወንጀል ጠይቀሽ ጻፊ። ካልነገሩሽ ለጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ቅጂውን ያዢ። ያም ካልሠራ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፈሽ ለፍርድ ቤት ታቀርቢያለሽ። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና መያዙ ለምን ሕገ ወጥ እንደሆነ ይጻፍ። «ፖሊስ ይዞታል» ብቻ ብለሽ ካመለከትሽ መጥሪያው ለማን እንደሚላክ አይታወቅምና ነገሩ ይጓተታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ሰዓቱ በማለፉ ብቻ ክስ አይቀርም። ወንድምሽ ችሎት ሲቀርብ «ከ48 ሰዓት በላይ ቆይቻለሁ» ብሎ መዝገብ ላይ ያስጽፍ።

ጥያቄ (አያት)፦ እኛ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ጠቡ የተነሳው ግን ለገጣፎ ነው። ጉዳዩ የት ይታያል?

ወሳኙ ወንጀሉ ተፈጸመ የተባለበት ቦታ ነው፤ መኖሪያ አይደለም። ለገጣፎ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ስለዚህ የሚይዘው የክልሉ ፖሊስ፣ የሚያየውም የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። ዳር ላይ ላለን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተሰብ የአዲስ አበባ ጣቢያዎችን ሲያስስ ሰውየው አስፋልቱን ተሻግሮ ታስሮ ይገኛል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የማይችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል (ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 20)። «እሰማለሁ ግን አልናገርም» የሚልም ይጠይቅ፤ በከፊል የተሰማ ክስ መልስ ሲሰጥበት ያሳስታል። ሁለተኛ፣ ጠበቃ ከመዋዋላችሁ በፊት ፈቃዱ በዚያ ፍርድ ቤት ለመቆም የሚያበቃው መሆኑን ጠይቁ።

ጥያቄ (ካራቆሬ)፦ መርማሪው «ቃልህን ስጥና ፈርም፣ ቶሎ ትወጣለህ» አለኝ። አልናገርም ማለት ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ እንደሚችልም ሊነገርህ ይገባል። ስምህንና አድራሻህን ተናገር፤ ስለ ድርጊቱ «ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ ነው የምናገረው» ብትል በቂ ነው። በቁጣ አትናገረው። መርማሪውን መሳደብ ሌላ ክስ ይጋብዛል።

የሰው መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ረዘም አደርገዋለሁ። ቃል መቀበያው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያበቃው «የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል ስለሆነ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ያልተነበበልህን አትፈርም። ራስህ አንብበው። «ገፋሁት» ያልከው «መታሁት» ተብሎ ከተጻፈ ፊርማ ሳይኖር እንዲታረም ጠይቅ፤ ባዶ መስመር ካለ ሰረዝ ይሰመርበት፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርም። ካልታረመልህ አትፈርም።

በግዳጅ የተገኘ ቃል በሕገ መንግሥቱ ተቀባይነት የለውም። ግን መገደድን የምታሳየው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ተመትተህ ከሆነ መጀመሪያ ዳኛ ፊት በቀረብክበት ቀን ተናገር፣ ጉዳቱን አሳይ፣ ሕክምና እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ከወር በኋላ ሲነሳ ምልክቱ ጠፍቷል። ፖሊስ በሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ወስዶ ቃልህን ሊያስመዘግብም ይችላል። ዳኛው «በፈቃድህ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ያልከው ነገር በኋላ ለማፍረስ በጣም ይከብዳል። ያን ጊዜ ፈርተህ «አዎ» እንዳትል።

ጥያቄ (አሸዋ ሜዳ)፦ ጊዜ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ይጠየቃል?

ጊዜ ቀጠሮ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው ታስሮ እንዲቆይ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም (የሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 59)፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ሥነ ሥርዓቱ አልገደበም። ስለዚህ በየቀጠሮው ተከራከሩ፦ ባለፈው የተፈቀደው ቀን ምን ተሠራበት? የቀሩት ምስክሮች ስንት ናቸው? እሱ ቢወጣ የትኛውን ማስረጃ ያጠፋል? ፖሊስ ባለፈው ያቀረበውን ምክንያት ቃል በቃል ከደገመ ያንኑ ለዳኛው አመልክቱ። ምርመራው አልቆ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ከደረሰ ክስ የሚመሠረተው በ15 ቀን ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ዋስትና የተከለከለው «ቋሚ አድራሻ የለውም» ተብሎ ነው። ተከራይ ስለሆንን ነው?

ዳር ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል፦ መታወቂያው የሌላ ወረዳ ወይም የትውልድ አገሩ ነው፣ የኪራይ ውሉ የቃል ነው። ዋስትና መብት ነው፤ የሚከለከለው በሕግ በተለየ ምክንያት ነው። በሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 63 ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ አይፈቀድም። በአንቀጽ 67 ደግሞ ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመን ነው። የእናንተው «ግዴታውን አያከብርም» የሚለው ነው። የተጻፈ የኪራይ ውል፣ የአሠሪ ደብዳቤ ከደመወዝ መጠን ጋር፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያ አያይዛችሁ አቅርቡ። እንቢ ከተባለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

ከተፈቀደ ደግሞ ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ደረሰኙን አይጣል፤ መዝገቡ ሲያልቅ የሚመለሰው በእሱ ነው። የሰው ዋስ የሆነ ሁሉ ይወቅ፦ ተከሳሹ ከቀረ የሚከፍለው ዋሱ ነው።

ጥያቄ (ጣፎ)፦ በአጥር ድንበር ተጣልተን ጎረቤቴን በዱላ መታሁት። ሽማግሌዎች አስታርቀውናል፣ ካሳም ከፍያለሁ። ክሱ ለምን አልተዘጋም?

አባቴ፣ ይህ በየትኛው አንቀጽ እንደተከሰሱ ይወሰናል። ቀላል የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ 1 በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው፤ ተበዳይ አቤቱታውን ከተወው ያበቃል። አቤቱታው መቅረብ ያለበትም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ዱላ ወይም ሌላ ጉዳት የሚያደርስ መሣሪያ ሲገባበት ግን ወደ ንዑስ 2 ይሻገራል፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከሳሹም ዓቃቤ ሕግ ነው። አጥንት ተሰብሮ ወይም አካል ጎድሎ ከባድ ጉዳት ከተባለ አንቀጽ 555 ነው፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በእነዚህ እርቅ ክሱን አይዘጋውም።

እርቁ ግን ከንቱ አይደለም። ካሳ መክፈልና መጸጸት ቅጣት ያቀልላል፤ የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ ከነፊርማቸው ይያዙ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በደሉን አምኗል» ተብሎ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ፤ ከቅጣት ማቅለያነቱ በፊት ማስረጃ ሆኖ ሊመጣብዎ ይችላል። የሐኪም ማስረጃውንም በጥሞና ያስነብቡ፤ 555ን ከ556 የሚለየው በአብዛኛው እሱ ነው።

ጥያቄ (አያት)፦ የክስ ቻርጁ ላይ ምን ልይ?

መጀመሪያ አንቀጹን ከነንዑሱ። ቀጥሎ «የወንጀሉ ዝርዝር» የሚለውን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍለ ከተማ፣ «ልዩ ቦታው» የሚባለው ሥፍራ፣ ተበዳይ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት መንገድ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ድርጊት አንቀጹ የሚጠይቀውን ካላሟላ፣ ወይም ቀኑና ቦታው ግልጽ ካልሆነ መቃወሚያ የሚቀርበው ክሱ ሲነበብ ነው። ማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ምስክሮች የት ሆነው እንዳዩ ጠበቃህ እንዲያጣራ አድርግ።

«ፈጽመሃል?» ስትባል «አዎ፣ ግን እሱ ነው የጀመረው» ብትል ይህ ሙሉ እምነት አይደለም፤ እንደ ክህደት መመዝገብ አለበት (የሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 133)። ራስን መከላከል በመልስህ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ (ካራቆሬ)፦ የ14 ዓመት ልጄን ከአዋቂዎች ጋር አስረውታል።

አይቻልም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር አይታሰሩም፤ ወዲያው ፍርድ ቤት መቅረብ አለባቸው። የልደት ሰርተፊኬት ወይም የክትባት ካርድ አሁኑኑ ይዘሽ ሂጂ። ዕድሜ በቃል ብቻ ሲነገር በሐኪም ይገመት ይባላል፤ እሱ እስኪያልቅ ልጁ እዚያው ይቆያል።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ «ተከላከል» ተባልኩ። ተፈረደብኝ ማለት ነው?

አይደለም። ዓቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ መልስ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ መልስ የማያስፈልገው ቢሆን በዚያው በነፃ ይሰናበቱ ነበር። ምስክርዎ አንድ ጭብጥ ይዞ ይምጣ፤ «ጥሩ ሰው ነው» የሚል አስር ምስክር «በዚያ ሰዓት አብረን ነበርን» የሚለውን አንድ አይተካም። ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ቢጠይቁ ይሻላል፤ ዘግይቶ የተመደበ ጠበቃ ያመለጡ ምስክሮችን መልሶ አይጠይቅም። ሴቶች ወደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም መሄድ ይችላሉ።

ጥያቄ (አሸዋ ሜዳ)፦ ይግባኝ እስከ መቼ?

ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትህን ታሳውቃለህ፤ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታህን ታቀርባለህ። ግልባጩን በዚያው ቀን በጽሑፍ ጠይቅ፣ የተቀበልክበትን ቀንም በፊርማ አስመዝግብ።

ጥያቄ (ጣፎ)፦ ሌሊት ቤት መፈተሽ ይችላሉ?

ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በትእዛዝ የሚደረግ ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ትእዛዙን አንብቡ፤ የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ላይ የሌለ ነገር ካለ ሳትፈርሙ ተናገሩ።