የተፈጨ ሥጋ ሳንድዊች ለሥራ ቀን እራት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ናቸው። ጉዳዩም በሥራ ቀን ምሽት፣ ጊዜ አጥሮና ጉልበት ዝሎ ሳለ፣ ቤተሰብን በወጉ የሚያጠግብ የተፈጨ ሥጋ ሳንድዊች አሠራር ነው። የአንዱ መልስ ለሌላው ስለሚጠቅም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከሥራ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ወጥ ለመሥራት ጊዜ ስለማይበቃኝ አልፎ አልፎ የተፈጨ ሥጋ ጠብሼ በዳቦ አቀርባለሁ። ነገር ግን ሥጋው ውኃ እያወጣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ዳቦውም ገበታ ላይ ሳይደርስ ይርሳል። ባለቤቴ ደግሞ «ሳንድዊች መክሰስ እንጂ እራት አይሆንም» ይላል። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅታችን፣ የነገሩን ሁለቱም ችግሮች፣ የሥጋው መቀቀልና የዳቦው መራስ፣ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ከሥጋው የሚወጣው ውኃ በጊዜው አለመትነኑ ነው። ከጥሬ ሥጋ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ሲሆን፣ ሥጋው ሲፈጭ ክሮቹ ስለሚበጣጠሱ ሙቀት ሲያገኝ ውኃውን ፈጥኖ ይለቀዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሥጋ የጥብስ መልክና መዓዛ የሚያገኘው ግን ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ በመጥበሻው ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ፣ እሳቱን የቱንም ያህል ቢጨምሩት፣ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

መፍትሔው ሥጋውን ከሁሉም በፊት፣ ብቻውን፣ በሰፊና በደንብ በጋለ መጥበሻ መጥበስ ነው። ወጥ ስንሠራ በሽንኩርት መጀመር ስለለመድን እጃችን ሳናስበው ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ግን ሽንኩርቱ ቀድሞ ከገባ የራሱን ውኃ በሥጋው ውኃ ላይ ይጨምርበታል። ለአምስት ሰው 500 ግራም ሥጋ ይበቃል። ሲገዙም ለክትፎ የሚመረጠውን ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋ ሳይሆን መጠነኛ ጮማ ያለበትን እንዲፈጩልዎ ይጠይቁ፤ ቀይ ሥጋ ብቻውን ሲጠበስ ይደርቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። መጥበሻው እስኪግል ድረስ ታግሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያድርጉና የሥጋውን ግማሽ ዘርግተው ይጫኑት፤ ከዚያም ለሦስት ደቂቃ ያህል አይንኩት። ብዙ ሰው ሥጋውን የሚያበላሸው በዚህች ሰዓት ያለማቋረጥ በማማሰል ነው፤ የተማሰለ ሥጋ ከጋለው ብረት ጋር አይገናኝም። ሥሩ ሲጠይም ገልብጠው በእንጨት ማማሰያ ይበታትኑትና ወደ ሳህን አውጥተው ቀሪውን ግማሽ እንደዚሁ ይጥበሱ። ጨው የሚገባው መልኩን ከያዘ በኋላ ነው። መጥበሻው የሚሰጠው ድምፅም ይመራዎታል፤ ድምፁ የመፍላት ከሆነ ውኃው አላለቀም፣ ቸስ ቸስ ማለት ሲጀምር ግን መጠበስ ጀምሯል ማለት ነው።

ሥጋው በወጣበት መጥበሻ፣ በቀረው ስብ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፎ ይገባል። ከሽንኩርቱ የሚወጣው ርጥበት በመጥበሻው ወለል ላይ የተጣበቀውን የሥጋ ቅሪት ያላቅቀዋል፤ የሳንድዊቹ ጣዕም አብዛኛው ያለው በዚያ ቅሪት ውስጥ ስለሆነ እባክዎ መጥበሻውን በመካከል አይጠቡት። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረው፣ የድልሁ ቀለም እስኪጠቁር ድረስ ያቁላሉት። ከዚያ ሥጋውን መልሰው፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ ጠብ አድርገው፣ በመካከለኛ እሳት ለ10 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። ቀድመን ካስወገድነው በኋላ መልሰን ውኃ የምንጨምረው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ሥጋው አንዴ ከተጠበሰ ውኃው ጣዕሙን አያጠፋበትም፤ ይልቁንም በርበሬውን ያበስላል፣ ቁሌቱንም ከሥጋው ጋር ያዋሕዳል። ማማሰያውን በመጥበሻው ወለል ላይ ሲጎትቱት የከፈተው መንገድ ወዲያው ካልተሸፈነ መረቁ ልኩን ይዟል። እሳቱን ሲያጠፉ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ቁንጥር ኮረሪማና ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ ቃሪያ ያክሉበት፤ ቅቤውና ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ሲገቡ መዓዛቸው አይባክንም።

ወደ ዳቦው ስንመጣ፣ የዕለቱን ትኩስ ዳቦ ለቁርስ አቆይተው ለሳንድዊች ያደረውን ይጠቀሙ፤ ያደረ ዳቦ መረቅ ይችላል። ለሁለት ሰንጥቀው ከውስጡ ለስላሳውን ክፍል በከፊል ያውጡና ፈርፍረው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ከሥጋው ጋር ያዋሕዱት፤ የተረፈውን መረቅ ይመጠዋል፣ ሥጋውንም ያያይዘዋል። የዳቦውን የተሰነጠቀ ፊት በደረቅ መጥበሻ ላይ ቅርፊት እስኪያወጣ ድረስ ጠብሰው ቅቤ ወይም የተፈጨ አቮካዶ ይቀቡት፤ ስቡ መረቁ ወደ ዳቦው እንዳይሰርግ ይከላከላል። ሥጋው ለአምስት ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ከእሳት እንደወረደ ከተሞላ በእንፋሎቱ ብቻ ዳቦውን ያርሰዋል። ከተቻለም ሥጋውን በሳህን፣ ዳቦውን በመሶብ አቅርባችሁ ሁሉም የራሱን በገበታ ላይ ቢሞላ ከሁሉ ይሻላል።

የባለቤትዎን አስተያየት በተመለከተ፣ ሳንድዊች ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ካፌ ውስጥ በሻይ የሚበላውን ስስ ነገር ስለሆነ አባባላቸው መሠረት የለውም አንልም። እራት የሚሆነው አብሮት የሚቀርበው ሲሟላ ነው። ሁለት ድንች ተቀቅሎና በትንንሹ ተቆርጦ በዚያው መጥበሻ ቢጠበስ፣ ጎኑ ላይ ጥቅል ጎመንና ካሮት ተከትፎ በሎሚና በጨው ቢቀርብ፣ ከገበታው ተርቦ የሚነሣ የለም። እርስዎ ሥጋውን ሲጠብሱ ዳቦውን መሰንጠቅና ሰላጣውን መክተፍ ደግሞ ባለቤትዎና ከፍ ያለው ልጅዎ ሊሠሩት የሚገባ ነው፤ ከመሸ የሚገባ ሰው ብቻውን የሚያበስለው እራት በየትኛውም ዘዴ ቀላል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሥጋ በጣም ተወዶብናል፤ በዚያ ላይ ረቡዕንና ዓርብን እንጾማለን። ይህን ምግብ በሳምንት ውስጥ እንዴት ላደላድለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሥጋው ከሦስት እጅ አንዱን ያህል በድፍን ምስር ቢተኩት፣ ቁሌቱ በሚገባ እስከተሠራ ድረስ፣ ልጆችዎ ልዩነቱን ብዙም አይለዩትም። 300 ግራም ያህል ሥጋ እንደ ላይኛው አሠራር ጠብሰው፣ አንድ ኩባያ ሳይፈርስ የተቀቀለ ድፍን ምስር ከድልሁ በኋላ ይጨምሩበት። ክክ ምስር ግን ለዚህ አይሆንም፤ ይሟሟና መሙያውን ወደ ወጥነት ይለውጠዋል። ምስሩ በሥጋው ስብ ስለሚጣፍጥ፣ ይህን አሠራር ለችግር ጊዜ ብቻ የሚውል ዘዴ አድርገው እንዳያዩት እንመክራለን።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ፣ ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ መሙያ ቢያንስ እስከ ሐሙስ ይቆያል። ስለዚህ ብዛት ያለው መሙያ የሚሠሩ ከሆነ ሰኞ ሠርተው ሰኞና ማክሰኞ እንዲያልቅ ያድርጉ፤ ለሐሙስ የሚሆነውን ደግሞ በዕለቱ ይሥሩ። ምስሩን ሰኞ ሲቀቅሉ አብዝተው ቀቅለው ግማሹን ለይተው ካስቀመጡ፣ ረቡዕ ማታ በዘይት በተቁላላ ሽንኩርት፣ በበርበሬና በድልህ ያንኑ ሳንድዊች ያለ ሥጋ ያቀርባሉ። እንጉዳይ ካገኙ ደቅቆ ተከትፎ፣ ልክ እንደ ሥጋው ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን ተጠብሶ ቢታከልበት በጣም ይስማማዋል። በቅቤው ፈንታ አቮካዶ ይጠቀሙ፤ ለስላሳ ዳቦዎች አንዳንዴ ወተት ወይም ቅቤ ስለሚገባባቸው ዳቦ ቤቱን መጠየቅዎንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚበሉትን «ስሎፒ ጆ» የሚባል የተፈጨ ሥጋ ሳንድዊች ይወዳሉ፤ እኔና አባታቸው ግን ጣፋጭነቱ አይስማማንም፣ እነርሱም በርበሬ አይነኩም። ሁለት እራት ሳልሠራ ሁላችንንም የሚያስማማ መንገድ አለ? የሥጋ ማሸጊያዎች ላይ ያሉት ቁጥሮችስ ምን ማለት ናቸው? (ከአንባቢያችን)

መልስ፦ ቁጥሮቹ የሥጋና የስብ መቶኛ ናቸው፤ 80/20 ማለት 80 በመቶው ቀይ ሥጋ፣ 20 በመቶው ስብ ነው። ለዚህ ሳንድዊች 85/15 ይመረጣል። 80/20 ከገዙ ሥጋው ከተጠበሰ በኋላ ለሽንኩርቱ ሁለት ማንኪያ ያህል ስብ አስቀርተው ሌላውን በጣሳ ያጥልሉት፤ ሲረጋ ቧንቧ ስለሚዘጋ ወደ ልብስም ሆነ ዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አይድፉት።

ልጆችዎ የወደዱት ሳንድዊች በቲማቲም ሶስ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ በለስላሳ ክብ ዳቦ ነው። አሜሪካውያን ቤተሰቦች ሶሱን በቆርቆሮ ታሽጎ ሊገዙት ይችላሉ፤ ታዋቂው ማንዊች ለገበያ የቀረበው በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጣፋጭነቱ የማይስማማችሁ ከሆነ ግን ሶሱን በቤት መሥራት የተሻለ ነው፤ የስኳሩ መጠን በእጅዎ ይሆናልና። ሥጋውንና ሽንኩርቱን ከላይ በገለጽነው መንገድ ያለ በርበሬ ጠብሰው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረው እስኪወፍር ያብስሉት። የልጆቹን ድርሻ በዚህ ደረጃ ያውጡላቸው። ከዚያም በትንሽ መጥበሻ ንጥር ቅቤ አቅልጠው በርበሬ ያቁላሉበትና ከእናንተ ድርሻ ጋር ያዋሕዱት። በርበሬው በተናጠል መቁላላቱ ግድ ነው፤ ጥሬውን ቢነሰንሱበት ጉሮሮ ይከረክራል፣ መዓዛውም አይከፈትም። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጨምርብዎትም።

ጥያቄ፦ እኛ ክትፎ ለብለብም ጥሬም ስንበላ ነው ያደግነው። ልጄ ግን የሳንድዊች ሥጋ ፈጽሞ መብሰል አለበት እያለ ይከራከረኛል። ምራቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች እንዳልሳሳት ብዬ ነው የምጠይቃችሁ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜስ በማቀዝቀዣ ያለውን ሥጋ ምን ላድርገው? (ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ በዚህ ጉዳይ ልጅዎ ልክ ነው። ጀርሞች በብዛት የሚገኙት በሥጋው የላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ሥጋው ሲፈጭ ግን ያ ገጽ ከውስጡ ጋር ስለሚደባለቅ ውስጡም ውጩም እኩል መብሰል ይኖርበታል። ለተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመከረው የውስጥ ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የመልኩ መለወጥ ብቻውን በቂ ምልክት አይደለም፤ አንዳንድ ሥጋ ገና ሳይበስል ይጠይማልና። ነገር ግን ከላይ እንደገለጽነው ተበታትኖ ተጠብሶ፣ በመረቅ ውስጥ 10 ደቂቃ የተንተከተከ ሥጋ ያለ ሙቀት መለኪያም ቢሆን በሚገባ ይበስላል። የኮሶ ትል የሚተላለፈው በጥሬና በለብለብ የበሬ ሥጋ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምራትዎ እስክትገላገል ድረስ ጥሬም ለብለብም ሥጋ እንዳትቀምስ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

መብራት ሲጠፋ ዋናው ነገር የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት ነው። በሩ ካልተከፈተ በማቀዝቀዣው ያለው ምግብ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ በረዶ የሚሠራው ሳጥን ሙሉ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቋቋማል። ከዚያ ያለፈውን ጥሬ ሥጋ ሽታው ባይለወጥም እንኳ አይጠቀሙበት። በደኅናው ጊዜ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ በማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ የበሰለው መሙያ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ የበሰለውንም ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በረዶ ቤት የሚያስገቡትን ጥሬ ሥጋ በፌስታል ውስጥ በስሱ ዘርግተው ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡት፤ ማለዳ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ካወረዱት እስከ ማታ ይለቅቃል። የተረፈውን መሙያ ሲያሞቁ ጠብታ ውኃ ጨምረው በመላው እስኪንተከተክ ድረስ ያሙቁት፤ ዳቦውን ግን ለብቻው ጠብሰው ሊበላ ሲል ብቻ ይሙሉት።