በአሜሪካ የግል ኪሳራ እና የአዲስ አበባው ቤት

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖር እናት ነኝ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ታሞ ለሰባት ወራት ታክሲ መንዳት ሲያቅተው ዕዳ ከሜዳ መጣብንና የቤት ኪራዩንም አስቤዛውንም በክሬዲት ካርድ ስንከፍል ከረምን። ዛሬ በእኔ ስም በተወሰዱ አራት ካርዶችና በሆስፒታል ሒሳብ ወደ 46,000 ዶላር ዕዳ አለብን፤ አንደኛው አበዳሪም ከሶኝ መጥሪያ ደርሶኛል። ዕቁቤን ቀድሜ ስለወሰድኩ ገና የምጥለው ይቀረኛል፤ ለታናሽ ወንድሜም በመኪና ብድሩ ላይ ዋስ ሆኜ ፈርሜለታለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ እናቴ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም በስሜ አለኝ። ታክስ የሚሠራልን ሰው “ባንክራፕሲ አስገቢ፤ ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ወደ እናትሽ ስም አዙሪው፣ ዕቁቡንም አታንሺ” ብሎ መክሮኛል። ሌሎች ደግሞ ኪሳራ ያወጀ ሰው ዜግነት አይሰጠውም ይሉኛል። ግሪን ካርድ አለኝ፤ የዜግነት ማመልከቻዬንም እያዘጋጀሁ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ሕመም ያመጣውን ዕዳ በሕግ አግባብ ለመወጣት መፈለግዎ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ነገር ግን ቤቱን በእናትዎ ስም እንዲያዞሩና ዕቁቡን እንዲደብቁ የተሰጠዎት ምክር፣ ዕዳው ራሱ ሊያደርስብዎት ከሚችለው እጅግ የከፋ ጉዳት የሚያስከትል በመሆኑ ፈጽሞ እንዳይከተሉት አጥብቀን እንለምንዎታለን።

በቅድሚያ ስለ መጥሪያው እንናገር፤ እርሱ ጊዜ አይሰጥምና። ክሱ የቀረበው ለሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ከሆነ፣ እንደሚከራከሩ የሚያሳውቁበትን ቅጽ መጥሪያው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ማስገባት ይኖርብዎታል። ብዙ ወገኖቻችን “ዕዳው የራሴ ነው፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?” በሚል ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ ከሳሹም ተከራካሪ በሌለበት ይፈረድለትና ከተጣራ ደመወዛቸው እስከ ሩብ የሚደርስ ገንዘብ ያስቆርጣል፣ የባንክ ሒሳባቸውንም ያሳግዳል። መልስ ከሰጡ ግን ከሳሹ የዕዳውን ትክክለኛ መጠን፣ ዕዳውን ከባንክ የገዛ ድርጅት ከሆነም መግዛቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ወደ ኪሳራው ስንመለስ፣ በአገራችን በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኪሳራ የነጋዴ ጉዳይ ስለነበር፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ኪሳራ ማወጅ መቻሉ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ ሕግ ይህንን ለማንኛውም ግለሰብ ይፈቅዳል። አቤቱታው ለኪሳራ ፍርድ ቤት፣ በእርስዎ አካባቢ ለግሪንቤልቱ፣ በቀረበበት ቅጽበት “አውቶማቲክ ስቴይ” የሚባለው እግድ ይጸናል፤ ስልክ መደወሉ፣ ክሱና የደመወዝ ቆረጣውም ይቆማል። ከሕጉ ሁለት መንገዶች አንዱ በሆነው በቻፕተር 7፣ ትረስቲ የሚባለው ባለአደራ በሕግ ያልተጠበቀ ንብረት ካለ ሸጦ ለባለገንዘቦች፣ ማለትም ዕዳ ላለብዎት ሁሉ፣ ያከፋፍላል፤ የቀረው የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ውስጥ ይሰረዛል። ለዚህ መንገድ ብቁ መሆንዎ የሚመዘነው ባለፉት ስድስት ወራት በነበረው የቤተሰቡ ገቢ ስለሆነ፣ የሚያመለክቱት ብቻዎን ቢሆንም አብረዎት የሚኖሩት ባለቤትዎ ገቢ መቅረቡ አይቀርም። በቻፕተር 13 ደግሞ ንብረትዎን ይዘው በፍርድ ቤት በጸደቀ ዕቅድ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይከፍላሉ። በሁለቱም መንገድ የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ጊዜ ግብርና አብዛኛው የተማሪ ብድር አይሰረዝም። ከማመልከትዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥም ዕውቅና ካለው ድርጅት የክሬዲት ምክር መውሰድ ግዴታ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። የኪሳራ አቤቱታ የሚፈረመው በሐሰት መግለጽ በወንጀል እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው፤ ዝርዝሩም በአሜሪካ ያለውን ብቻ ሳይሆን በየትኛውም አገር የሚገኝ ንብረትዎን ሁሉ ይጠይቃል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም መጻፍ አለበት። እናትዎ ስለሚኖሩበት ወይም ገንዘቡ ወደ አሜሪካ ለመምጣት አስቸጋሪ ስለሆነ አይቆጠርም የሚለው አስተሳሰብ በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙዎችን አሳስቷል። ሳያስመዘግቡ ቢቀሩ ዕዳዎ እንዳይሰረዝ ሊከለከሉ፣ ሆን ብለው መደበቅዎ ከተረጋገጠም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጡ ይችላሉ። ወደ እናትዎ ስም ማዞሩም አያድንዎትም፤ ትረስቲው ከማመልከትዎ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ያለ ተመጣጣኝ ዋጋ የተላለፈ ንብረትን ሊጠይቅ ይችላል፣ በመጨረሻው አንድ ዓመት ውስጥ ባለገንዘብን ለመጉዳት የተደረገ ዝውውር ደግሞ ብቻውን ስረዛውን ያስከለክላል። በእኛ ግምት በቻፕተር 7 ቤቱ ለአደጋ የሚጋለጥ በመሆኑ፣ ባለገንዘቦች ቤቱ ቢሸጥ ኖሮ ከሚደርሳቸው ያላነሰ እየከፈሉ ንብረትዎን ማትረፍ የሚችሉበትን ቻፕተር 13ን ከጠበቃ ጋር አጥብቀው ቢመረምሩ ይሻላል። ያን ያህል ለመክፈል አቅም ከሌለዎት ደግሞ፣ ትርፍ ከማያካፍል የክሬዲት ምክር ድርጅት ጋር ወለዱ ተቀንሶ ያለ ፍርድ ቤት የሚከፈልበትን ስምምነት መሞከር አለ።

ዕቁቡም እንዲሁ ነው። ዕጣው ደርሶዎት ወስደው የሚቀርዎትን የሚጥሉ ከሆነ የዕቁቡ አባላት ባለገንዘቦችዎ ናቸው፤ ስማቸውም በዝርዝሩ ይገባል። ገና ያልወሰዱ ቢሆኑ ኖሮ የጣሉት ገንዘብ ንብረት ሆኖ ይቆጠር ነበር። የአባላቱን ገንዘብ ማስቀረት ለእርስዎ ከባንኩ ዕዳ ይልቅ እንደሚከብድዎት እንረዳለን፤ የእኛ ሰው በዕቁብ የሚታመነው በቃሉ ነውና። ሕጉም ይህን አይዘጋም፤ ዕዳዎ ከተሰረዘ በኋላ በሚያገኙት ገቢ በፈቃደኝነት ለመክፈል ማንም አይከለክልዎትም። የማይገባው፣ ከማመልከትዎ በፊት ሌሎቹን ትተው ለዘመድ ብቻ ከፍሎ መጨረስ ነው፤ ባለፈው አንድ ዓመት ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለወላጅ የተመለሰ ብድር በድምሩ ከ600 ዶላር ካላነሰ ትረስቲው ከእነርሱ ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። አቤቱታው ከቀረበ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትረስቲው በቃለ መሐላ ይጠይቅዎታል፤ አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርብልዎታልና አስቀድመው ያስታውቁ።

ዜግነትን በተመለከተ፣ ኪሳራ ማወጅ በራሱ ግሪን ካርድም ሆነ ዜግነት አያስከለክልም። የዜግነት አመልካች መልካም ሥነ ምግባሩ ሲመረመር የሚጎዳው የሐሰት ቃል፣ ማጭበርበርና ያልተከፈለ ግብር ነው፤ የተሰጠዎት ምክር ደግሞ በቀጥታ ወደዚያ ይመራዎታል። ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቅጽ የሚሞላ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የሕግ ምክር መስጠት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ ወዳለው የኪሳራ ጠበቃ ይሂዱ፣ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነም ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድን ያነጋግሩ።

ከማመልከትዎ በፊት ግን ወንድምዎን ያነጋግሩት። በቻፕተር 7 የእርስዎ የዋስትና ዕዳ ቢሰረዝም ዋናው ተበዳሪ እርሱ ስለሆነ ብድሩ በእርሱ ላይ እንዳለ ይቀጥላል፤ በአንዳንድ ውሎች የዋሱ መክሰር ራሱ ውሉን እንደ መጣስ ስለሚቆጠር የብድር ውሉን ይዞ ከእርስዎ ጋር ወደ ጠበቃው ቢመጣ፣ ክፍያውን ሳያቋርጥ መኪናውን የሚያቆይበትን መንገድ አብራችሁ ትሰማላችሁ።