ባጃጅ ለሚያባርር ውሻ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ውሻህ ከግቢ በወጣ ቁጥር ባጃጅ እያባረረ ስላስቸገረህ፣ በሪሞት የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ከውጭ ላስመጣ ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን አላስመጣም።

ማሰሪያው አንገቱን የሚነኩ ሁለት የብረት ጫፎች አሉት፤ ሪሞቱን ስትጫን ይነዝሩታል። ውሻው ግን ሪሞት የሚባል ነገር አያውቅም። በዚያች ሰከንድ እያየ ያለው ባጃጁን ከሆነ ያሳመመው ባጃጁ ይመስለዋል፣ ከዚያ ወይ ይደነብራል ወይ ጭራሽ ይብስበታል፤ እያየ የነበረው የሰፈር ልጅ ከሆነስ? ዌልስ እኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላዋለች። እንደ ስልክ ቫይብሬት ብቻ የሚያደርጉም አሉ፣ እነሱ ይሻላሉ። ግን የትኛውንም ቀኑን ሙሉ አስረህ ከተውከው አንገቱን ያቆስለዋል።

ይልቅ ረጅም ገመድ ግዛ። በጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል ይዘኸው ውጣ። ባጃጅ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ገና ሳይነሳበት ስሙን ጥራውና ወዳንተ ሲዞር ቁራጭ ሥጋ ስጠው። ርቀቱን ቀስ እያልክ አጥብብ። ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሳ ገበያው አካባቢ ግን እንዳትጀምር፣ የዓሳው ሽታና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ባሉበት ማን ይሰማሃል! እስኪለምድ ድረስ የግቢው በር ይዘጋ።