ሙዚቃዊ ቴአትር ልትማሪ ስትገቢ፦ ስለ ድምፅ ሒሳብ፣ ስለ ኦዲሽን ፋይልና ስለ ልምምድ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃዊ ቴአትር ለመማር ተቀብለውሻል፤ ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚሞላ ስለሰማሽ ድምፅሽ ይችለው እንደሆነ ፈርተሻል። ከመግባትሽ በፊት ምን ብታዘጋጂ እንደሚሻልም ማወቅ ፈልገሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ተሰጥኦ ካለሽ አትፍሪ» ብለዋል። አልስማማም። ድምፁ ቶሎ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ባለ ተሰጥኦው ነው፤ የገባበት ክፍል ሁሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ስለሚዘፍን።

የተለመደው ቀን ይህን ይመስላል። ጠዋት የባሌት ዳንስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቀጥሎ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ ኖታ አይቶ መዝፈን፣ ፒያኖ። ከሰዓት የትወና ስቱዲዮ ሁለት ሦስት ሰዓት። በመሃል ታፕ (በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚደነስ) ወይም ጃዝ ዳንስ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የግል የድምፅ ትምህርት። ትርዒት ውስጥ ካለሽ ማታ የሦስት አራት ሰዓት ልምምድ ይጨመራል። እያንዳንዱ አስተማሪ የሚያየው የራሱን ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ከሰዓት አስለቅሶ የሚያስጮህሽ የትወና አስተማሪ ማታ ቤልት የምታደርጊው (በደረት ድምፅ ከፍ አድርገሽ በኃይል የምታወጪው) ዘፈን እንዳለሽ አያውቅም። ድምሩን አንቺ ካልያዝሽው የሚይዝልሽ የለም።

ስለዚህ የሳምንቱን ፕሮግራም ወረቀት ላይ አውጪና እያንዳንዱን ሰዓት ከባድ፣ መካከለኛ ወይም ቀላል በይው። ቤልት፣ ጩኸትና ለቅሶ ከባድ ናቸው። የኅብረት ዝማሬና ረጅም ቃለ ተውኔት መካከለኛ ናቸው። ሁለት ከባዶች ከተከታተሉ አንዱን «ማርክ» ታደርጊዋለሽ፤ ማለትም በግማሽ ድምፅ፣ ከፍ ያሉትን ኖታዎች አንድ ኦክታቭ አውርደሽ (ያንኑ ኖታ በዝቅተኛው ድምፅ) ትዘፍኛለሽ። ልምምዱ ሳይጀመር ለዳይሬክተሩ ወይም ለሙዚቃ መሪው መንገር ግን ግዴታ ነው፤ አለዚያ ሰነፍ ትባያለሽ። ማርክ ሲደረግ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ተማሪው የትንፋሽ ድጋፉን ለቅቆ በሹክሹክታ ይዘፍናል። ትንፋሹ እንዳለ ይቆይ፤ የሚቀንሰው ጉልበቱ ብቻ ነው። ሹክሹክታ ደግሞ ዕረፍት አይደለም፤ ድምፅ ይዘጋል ሲባል ሰው ሁሉ ሹክሹክታ ይጀምራል፣ ከዝምታ ጋር ግን አይገናኝም።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅሽ በቁጥር ላሳይሽ። ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ላ ስትዘፍኚ የድምፅ አውታሮችሽ በሰከንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ። አምስት ሰከንድ ከያዝሽው 2200 ጊዜ ማለት ነው። ኖዱል የሚባለው እብጠት የሚመጣው ከዚህ ተደጋጋሚ ግጭት ነው። ማሟሟቂያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከንፈር እያርገበገቡ ድምፅ ማውጣት፣ ከዚያ ስትሮ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ ነክሮ በስትሮው ውስጥ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መዝፈን። ስትሮው ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት አውታሮቹ እየተርገበገቡ ኃይለኛ ግጭት እንዳይኖር ያደርጋል። ማታ ከልምምድ በኋላም ያንኑ ሦስት ደቂቃ አድርጊው፤ ማንም አያደርገውም፣ ጠዋት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

ውኃ ስትጠጪ አውታሮቹን አይነካም፤ የሚያርሳቸው በሰውነት በኩል ዞሮ ነው። ስለዚህ ልምምድ በር ላይ አንድ ሊትር መጠጣት ለማታው አይደርስም፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው። በቀጥታ የሚደርሰው እንፋሎት ነው። የአለርጂ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ያደርቃሉ። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋ ስለሚጨምሩ ከባድ ዘፈን ባለበት ሳምንት ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጂ። ዋናውን ምግብ ከልምምድ በፊት ብይ፤ ማታ በልቶ ወዲያው መተኛት የጨጓራ አሲድን ወደ ጉሮሮ ያመጣል። ጉንፋን ሳይኖር ድምፅሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጎረነነ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂና በስትሮቦስኮፕ (ብልጭ ድርግም በሚል መብራት) እንዲያይሽ ጠይቂ፤ በተራ መብራት ሲታይ የአውታሮቹ መርገብገብ አይታይም። እየዘፈንሽ ድምፅሽ በድንገት ቢጠፋ ደግሞ ወዲያው አቁሚ፣ ዝም በይ፣ ያንኑ ቀን ታዪ። ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ኦዲሽን ፋይልሽ፤ ለሚና ስትፈተኚ ይዘሽ የምትገቢው የዘፈን ኖታ ስብስብ ነው። ከ8 እስከ 12 ዘፈን ይበቃል፤ ሁሉም የየራሱ ሥራ ይኑረው፦ ከ1940ዎቹና 50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች) ዘመን አንድ ፈጣን አንድ ዝግተኛ፣ ከቅርብ ዓመታትም እንዲሁ፣ አንድ የሚያስቅ፣ አንድ ፖፕ ወይም ሮክ፣ አንድ የጭንቅላት ድምፅሽን (ቀጭኑን የላይኛውን ድምፅ) የሚያሳይ። ለእያንዳንዱ የ16 ባርና የ32 ባር ቁራጭ አዘጋጂ (ባር ማለት ኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ነው)። ባር መቁጠሩ ሊያታልልሽ ይችላል፤ የሚፈለገው በግምት የግማሽ ደቂቃና የአንድ ደቂቃ ርዝመት ነው፣ ዝግተኛ ዘፈን ላይ 16 ባር በጣም ሊረዝም ይችላል።

የፒያኖ ተጫዋቹ ፋይሉን የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪ ግን ይንቀዋል። ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ከገጹ ግርጌ የግራ እጁ ኖታ ይቆረጣል፤ ያለ ባስ መስመር አጃቢው የሚይዘው ነገር የለውም። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ብርሃን ስለሚመልስ አይነበብም። ወረቀቱን በሁለት በኩል አሳትመሽ እንደ መጽሐፍ ትይዩ አድርጊው፣ ገጽ መግለጡ ይቀንሳል። የት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚዘለልና የት እንደሚያበቃ በደማቅ እስክሪፕቶ ምልክት አድርጊ፤ የተዘለለውን ሙሉ በሙሉ ሰርዢ። በሌላ ኪይ (የድምፅ ከፍታ) የምትዘፍኚ ከሆነ በዚያው ኪይ የታተመ ኖታ አምጪ፣ «ሁለት ደረጃ አውርድልኝ» አይባልም። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ለመስጠት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች በምትፈልጊው ፍጥነት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ለአጃቢው ዘምሪለት። ጣት እያጮኹ መቁጠር አጃቢን ያስቀይማል፤ የሚያጅብሽ ደግሞ እሱ ነው።

ዳንስ ኦዲሽን ላይ የዳንሱ አቀናባሪ (ኮሪዮግራፈሩ) በስምንት ቆጠራ የተከፋፈለ ቅንብር በፍጥነት ያስተምራል። እግርና አቅጣጫ መጀመሪያ፣ ክብደትሽ የቱ እግር ላይ እንዳለ ቀጥሎ፣ እጅ መጨረሻ። እጁን አስቀድሞ የተማረ ሰው መታጠፊያው ላይ ተሳስቶ ጎረቤቱን ይገጫል። መስመር ሲቀያየር ወደ ፊት ውጪ፤ ኋላ መደበቅ ከመሳሳት ይልቅ ይታያል። ተረከዝ ያለውን የመድረክ ጫማ ቅንብሩ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ አድርጊው። አዲስ ጫማ በቴክኒክ ሳምንት (መብራትና ድምፅ ከትርዒቱ ጋር በሚቀናጅበት የመጨረሻ ሳምንት) መጀመር ቁስልና ወለምታ መጥራት ነው።

የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ደንብ ከ55 ደቂቃ በኋላ 5 ደቂቃ፣ ወይም ከ80 ደቂቃ በኋላ 10 ደቂቃ ዕረፍት ያዛል፤ በዚህ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ያቺን ዕረፍት በዝምታ አሳልፊያት። ደረጃ ላይ ከጓደኛ ጋር እየጮኹ መዝፈን ከልምምዱ በላይ ድምፅ ይፈጃል፤ ይህን የሚያምነኝ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የለም። ከኦርኬስትራ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣችሁ ስትዘፍኑ በሙዚቃው ጩኸት ተገፍተሽ ድምፅ አትጨምሪ። በቴክኒክ ሳምንት ደግሞ ለመብራት ሲባል አንድ ዘፈን ደጋግማችሁ ትጀምራላችሁ፣ ማርክ የተሠራው ለዚህ ነው። ሙሉ ድምፅ የሚያስፈልገው የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎን ሲለካ ነው፤ ያኔ ትርዒቱ ላይ የምታወጪውን ያህል አውጪ፣ ቀንሰሽ ካስለካሽው ትርዒቱ ላይ ይጮህብሻል። ግንባርሽ ላይ የተለጠፈችውን ማይክሮፎን አትንኪያት፤ ላብ ከገባባት ለመድረክ አስተዳዳሪው (ስቴጅ ማናጀሩ) ንገሪ።

አንዳንድ ፕሮግራም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ትርዒት ላይ አያወጣም፤ አልባሳት፣ መብራት ወይም ዕቃ ማመላለስ ላይ ይመድበዋል። ቅጣት አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ሁሉም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ኅብረት ውስጥ መመደብንም ዝቅ አድርገሽ አትዪው፤ መሪ ተዋናይዋ ተቀምጣ ስታርፍ ኅብረቱ አራት ልብስ ቀይሮ ከመጋረጃ ጀርባ እየዘፈነ ነው።

እስክትገቢ ባለው ጊዜ አዲስ ዘፈን ከመደራረብ ይልቅ በቀን 10 ደቂቃ ኖታ አይተሽ ዝፈኚ፣ የራስሽንም ክፍል በአንድ እጅ ፒያኖ ላይ ማውጣት ልመጂ። ልምምዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙዚቃውን ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ የአልቶውን (የዝቅተኛውን የሴት ድምፅ) መስመር በስልክ ቀድተሽ፣ በእርሳስ ምልክት አድርገሽ፣ ማታውኑ ፒያኖ ላይ ካላጣራሽው ዳንሱ ሲጨመርበት መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።