ሲኦፒዲ (የቆየ የሳንባ መጥበብ በሽታ) ላለበት ሰው ጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር የደም ኦክስጅኑን (ሳቹሬሽኑን) 89 በመቶ ሲያሳይ ኦክስጅን ልጨምር ወይ ላልሽው

እህቴ 89 አይተሽ አትደንግጪ፣ ሲኦፒዲ ኖሮት ካርቦንዳይኦክሳይድ ይጠራቀምበታል ተብሎ ለሚፈራ ሰው የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ነው፣ ደሞ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት እኮ፣ ያው ሰውዬ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢለካ ትንሽ ከፍ ሊልለት ይችላል።

እኔ ከማሽኑ በፊት ሰውየውን ነው የማየው፣ ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ ሳያቋርጥ አንድ አረፍተ ነገር ይጨርሳል ወይ እላለሁ፣ ጣቱንም እነካለሁ (በደሴ ብርድ ጣት ሲቀዘቅዝ ኦክሲሜትሩ ይዋሻል፣ አሙቀሽ ድገሚው)።

አንዴ አንድ አባባ ጋ አስታማሚው "ታፈኑብኝ" ብሎ ሌሊት ፍሎውሜትሩን (የኦክስጅኑን መጠን መቆጣጠሪያ) በደቂቃ 8 ሊትር ላይ ከፍቶት ጠዋት ስንገባ ሳቹሬሽናቸው 99፣ እሳቸው ግን እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው ስማቸውን ስንጠራ እንኳ በግድ ነው የሚነቁት፣ እጅዎን ይዘርጉ ስንላቸው መዳፋቸው ይርገበገባል። ኦክስጅኑ በዝቶ የተጠራቀመባቸው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ዶክተር ጠርተን ቀስ በቀስ ቀነስንላቸው፣ ባንዴ መንቀል የለም፣ ሳቹሬሽኑ ከነበረው በታች ወርዶ ቁጭ ይላል።

ከ88 በታች ከወረደ ግን ካርቦን ፈርተሽ እንዳትከለክይው፣ በካኑላ (አፍንጫ ላይ በሚገባው ቀጭን ቱቦ) በደቂቃ 1 ወይ 2 ሊትር ጀምረሽ እየለካሽ አስተካክይ፣ ቁጥሩ ካልጨመረ ወይ ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሐኪም ጥሪ።

ኦክስጅኑን ቤት የሚወስድ ከሆነ ደሞ እሳት እንዳይነሳ የቡና ከሰሉን ከኦክስጅኑ ክፍል አስወጡ በያቸው፣ አፍንጫው ደረቀ ብለው ቫዝሊንም እንዳይቀቡት።