ካሜራ የት ላስገጥም ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ደወለልኝ። ሥራው አዲስ አበባ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዝቷል፣ በቀን ሒሳብ ለእንግዳ ሊያከራየው ተነሥቷል። «እማማ፣ እርስዎ ዓመታት ሠርተውበታል፤ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ካሜራ የት የት ላስገጥም?» አለኝ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ የአንድ ሰው ድምፅ መጥቶብኝ። ስለዚህ ለእሱ የምመልሰውን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው አልኩ።

ለ31 ዓመት ሒሳብ መርማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጡረታ ስንወጣ ሐይቁን እያየን እናረጃለን ብሎ ሐዋሳ ላይ ቤት ሠራ። (እሱ እስከ መጨረሻው «አዋሳ» ነበር የሚላት። መጀመሪያ የወሰደኝ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ብስክሌት ነው፤ ነጠላ ያጣፋች ሴት ብስክሌት ስትነዳ ያየሁት እዚያ ነው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።) እሱ ቀደመኝ፣ እኔም በጉልበቴ ሕክምና ምክንያት ከአዲስ አበባ መውጣት አቃተኝ። ቤቱ ባዶውን ከሚያረጅ ብዬ ለእንግዳ ከፈትኩት። 275 ኪሎ ሜትር ርቄ።

ቤቱን የያዙልኝ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ፣ ድሮ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «እትዬ» ይሉኛል፤ በመካከላችን አንቱታ እንጂ አንተ አንቺ የለም። ቁልፍ ያስረክባሉ፣ አንሶላ ያሳጥባሉ፣ የመብራት ካርድ ያስሞላሉ፣ የእንግዳውን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ቤቱ በጊዜ እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ እንደ ገብርኤል ቀኑ የተቆረጠ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ኮከብ አይተው ነው የሚናገሩት። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ካሌንደር ስገለብጥ ጋሼ ቀድመው ሰምተው ይደውላሉ፦ «እትዬ፣ ለዚያ ሳምንት ቀብድ ሳይዙ ለማንም እሺ እንዳይሉ።»

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ካርዱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። «አልቋል» ይሉኛል፣ በቴሌብር እልካለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ «አልቋል»። የለመድነው በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነበር፤ ያ ወር 410 ገባ። ውሃውም ከ14 ሜትር ኩብ ወደ 21 ወጣ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው እንግዳ ግን እንደ ወትሮው ነው። እስክሪብቶዬን አነሣሁ። እንግዳ ያደረበት አንድ ሌሊት 13 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ብዬ ትርፉን 260 አካፈልኩት፤ 20 ሌሊት ወጣ። ሃያ ሌሊት ያልተመዘገበ እንግዳ! መብራቱም ውሃውም አንድ ቃል ተናገሩ። ሁለቱ ምስክሮች የአንድ እናት ልጆች ይሆኑ እንደሆን መጠየቅ ነበረብኝ። በዚሁ ስሕተት ስንት ጀማሪ ኦዲተር ተቆጥቻለሁ።

የካቲት ሲያልቅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ማንን ነው የሚያሳድሩት?» ልል ነበር ያሰብኩት። ከአፌ የወጣው «ማንን ነው የምታሳድረው?» ሆነ። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እትዬ፣ ፓምፑ ሌሊት ማንም ሳይነካው ይነሣል ብዬዎት ነበር እኮ» አሉ። ብለውኛል፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ፓምፕ እንድቀይር የሚወተውቱኝ መስሎኝ «ይታያል» ብዬ አልፌው ነበር። ያን ቀንም ሰበብ መሰለኝ። «ቁልፉን ለጎረቤት አስረክብ» አልኩ። ደግሜ፣ አስረክብ።

አስረከቡ። ቁልፉን፣ ሰማያዊውን ደብተርና ከካርድ የተረፈ 85 ብር በፌስታል ጠቅልለው ለጎረቤቴ ሰጥተው ሄዱ።

በቦታቸው ስማርት ስልክ ያለው፣ በየቀኑ ፎቶ የሚልክልኝ ወጣት ቀጠርኩ። ፎቶው ያምራል። ካርዱ ግን ማለቁን አልተወም። የፋሲካ ሰሞን ቤቱን ለሁለት ሳምንት ዘጋሁት፤ ልጁ ሰርቪስ ቤት ነው የሚያድረው፣ ዋናው ቤት ሰው አልገባበትም። ካርዱ አለቀ። ጉልበቴን ጠፍሬ ሄድኩ።

በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ መሐል አንዲት ግራጫ ድመት ሆዷን አስጥታ ተኝታለች። «እሷ ከዚያ አትነሣም፣ ባባርራትም ተመልሳ እዚያው ናት» አለኝ ልጁ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ነበርና ድመቷን ልሻገር ስል ሴራሚኩ የእግሬን መዳፍ ሞቀው። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ተመለስኩ፣ ይሞቃል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ሴራሚክ ሲነቅል ከቦይለሩ ወደ መታጠቢያው የሚሄደው የሙቅ ውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ፍሳሹ ቀጭን ነው፤ በደቂቃ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ሁለት ሲኒ ሌት ተቀን ሲፈስ ግን በቀን ከ200 ሊትር ያልፋል፤ 200 ሊትር ውሃን በ35 ዲግሪ ማሞቅ ደግሞ 8 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይጠይቃል። በወር አባዙት። ውሃው በሾለከ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል፣ ፓምፑ በራሱ ይነሣል። የሐዋሳ አፈር አሸዋና የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት ነው፤ የሰጡትን ውሃ ውጦ ዝም ይላል፣ ግድግዳ እንኳ አልረጠበም። ቦይለሩ ሌት ተቀን እንዳይጠፋ ያዘዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ አንድ የገብርኤል እንግዳ ውሃው ቀዘቀዘኝ ብሎ ስላጉረመረመ።

ማታ ስልኬን ስነካካ አንዲት የጥር እንግዳ የላከችልኝን ፎቶ አገኘሁ። «ቤትዎ ደስ ይላል፣ ድመቷንም ወደድናት» ብላለች። ድመቷ እዚያው ሴራሚክ ላይ ናት። እኔ የሳቅ ምልክት መልሼላታለሁ።

በሦስተኛው ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ አገኘኋቸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ተኮልኩለዋል፤ ጋሼ መሬት ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ሲያዩኝ ተነሡ፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ጨበጡኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ቧንቧው ነው ጋሼ፣ የሙቅ ውሃው» አልኩ።

«እንዲያ ነው?» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ድመቷ ከዚያ ተነሣች፣ እትዬ?»

«ተነሣች» አልኩ።

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፣ እንዲመለሱም ለመንኳቸው። «እኔ እዚህ ይሻለኛል» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። በፖስታ የሁለት ወር ደመወዝ ይዤ ነበር። ከፍተው ቆጠሩ፤ የአንዱን ወር ያዙና ሌላውን መለሱልኝ። «የሠራሁት የካቲትን ነው» አሉኝ። የካቲትን እንዳልከፈልኳቸው ያኔ ነው ያስታወስኩት። የሰው ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ ሴት።

እናንተ የዛሬ ልጆች «ፓሲቭ ኢንካም» ትሉታላችሁ፤ ተኝተው የሚበሉት ገቢ መሆኑ ነው። እኔ የማውቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት «ቁልፉ አልከፍት አለን» ብለው ሲቀሰቅሱኝ ነው። ደግሞ መደወል ትጠላላችሁ፤ በጽሑፍ «ሁሉ ሰላም?» ትላላችሁ፣ ያኛውም «ሰላም» ይላል፣ በቃ። «ፓምፑ ሌሊት ይነሣል» የሚለው ነገር በጽሑፍ አይመጣም፤ ሰው ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ በመሐል ነው የሚወጣው። በእርግጥ እኔም በስልክ ተነግሮኝ አልሰማሁም፤ ስለዚህ በወጣት ማሳበቡን ልተወው።

ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ትርፍ አንሶላና ስለ አጎበር አልነግራችሁም፤ ይህን ያላሰበ ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ለሐይቁ ቅርብ ከሆናችሁ ብቻ የወጥ ቤቱን መስኮት በሽቦ አስመቱ። አንዴ ጦጣ ገብታ የሙሽሮች ዳቦ ይዛ ወጥታ ስንት ቀን ተሥቆብኛል።

ከልቤ ብትጠይቁኝ ከሩቅ ሆኖ ቤት ማስተዳደር አይሆንም እላለሁ። ቤቱን ግን አልሸጥኩትም፤ ሐምሌ ገብርኤልም ተይዟል።

አንተ የጓደኛዬ ልጅ፣ ከካሜራው በፊት በሙቅ ውሃው መስመር ላይ ለብቻው የሚዘጋ መዝጊያ አስገጥም። በወር አንድ ማታ፣ ሮቶው ሞልቶ እንግዳ በሌለበት፣ ሁሉም ቧንቧ ይዘጋና የውሃ ቆጣሪው ይነበብ፤ ጠዋት ደግሞ ይነበብ። ቁጥሩ ከተነቃነቀ ሌባው ከወለል በታች ሊሆን ይችላል። ካሜራ ውጭ በር ላይ አንድ ይበቃሃል፤ እንግዳ የሚተኛበት ውስጥ እንዳታስገባ። እኔም አንድ አለኝ። ማታ ማታ ስከፍተው ግራጫዋ ድመት በአጥሩ ላይ ስታልፍ አንዳንዴ አያታለሁ።