«መድኃኒት እየወሰዱ ቴራፒው ምን ይጨምራል?» ላልሽው

ሰላም እህቴ፣

ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ ፓርኪንሰን አለባቸው፣ ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ መንቀጥቀጡም ቀንሷል። ግን ድምፃቸው እየሳሳ ነው፤ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ እግራቸው ይተከላል። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒና የንግግር ቴራፒ ሲያዝላቸው «መድኃኒት እያለ እጅ ማወዛወዝ ምን ሊረባ?» ብለው እምቢ አሉ። አንቺም እውነት ይጠቅማል ወይስ ማድከም ብቻ ነው ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፤ የምነግርሽ ከዚያ ወንበር ሆኜ ነው። ይጠቅማል። ግን ለምን እንደሚሠሩት ካልገባቸው ቶሎ ይሰለቻሉ።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር ልንገርሽ። ሌቮዶፓ ለመገታተርና ለመንቀርፈፍ ጥሩ ነው። ለንግግር፣ ለሚዛንና ለእግር መተከል ግን ያን ያህል አይደለም። አባትሽን አሁን የሚያስቸግራቸው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት እያለ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ብዙ ሰው ቴራፒውን የጡንቻ ማጠንከሪያ አድርጎ ያስበዋል። ዋናው ችግር ግን ጡንቻው ጋ አይደለም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ኬሚካል የሚያመርቱት ሴሎች ሲያልቁ እንቅስቃሴ ሁሉ እያነሰ ይሄዳል። እርምጃ ያጥራል፣ የእጅ ጽሑፍ ይደቅቃል፣ ፊት ስሜት ማሳየት ይተዋል፣ ድምፅ ይሳሳል። ክፋቱ ባለቤቱ አይታወቀውም፤ መለኪያው ራሱ ተዛብቷልና። እኔ በደንብ የተናገርኩ ይመስለኛል። ባለቤቴ «ምን አልክ?» ትለኛለች። እደግመዋለሁ። «ምን?» እኛ ቤት ለረጅም ጊዜ የታመመው የእሷ ጆሮ ነበር!

የንግግር ባለሙያዋ አልተከራከረችኝም። ስልኳን አውጥታ ድምፄን ቀዳችው። አንድ አንቀጽ እንደ ልማዴ አነበብኩላት። ቀጥላ «አሁን ደግሞ እየጮሁ እንደሆነ እስኪሰማዎት ድረስ ያንብቡ» አለችኝ። አነበብኩ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰማኝ መስሎኝ አፈርኩ። ከዚያ ሁለቱንም አሰማችኝ። የመጀመሪያው ሹክሹክታ ነው። ጩኸት ያልኩት ሁለተኛው የማንኛውም ሰው ተራ ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለጋትም። አንቺም ቤት ውስጥ በስልክሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ከመቶ ምክር ይበልጣል።

ኤልኤስቪቲ ላውድ የሚባለው የድምፅ ሥልጠና የቆመው በዚህ ላይ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ስሙን ያገኘው ፓርኪንሰን ከነበረባት ከሊ ሲልቨርማን ነው። በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ነው። ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። «አ» እያሉ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድምፅ መያዝ፣ ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን መውሰድ፣ በየቀኑ የምትናገሪያቸውን 10 ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሞ ማለት። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው፦ ድምፅ ከፍ! እሱ ሲስተካከል የቃላቱም ጥራት አብሮ ይስተካከላል። ጉሮሮ ማስጨነቅ ግን የለም፤ ኃይሉ ከትንፋሽ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር የሚሠራው። ሲያልቅም አያልቅም፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ካልቀጠለ ድምፁ ተመልሶ ይወርዳል።

ፊዚዮቴራፒውም ያው ሐሳብ ነው። የላውድ ታናሽ ወንድም ቢግ የሚባለው «ትልቅ ተንቀሳቀስ» ይላል። እጅሽን ከልክ በላይ የዘረጋሽ ሲመስልሽ ነው በልኩ የዘረጋሽው። ከወንበር መነሳትን ብቻ ብነግርሽ፦ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋት፣ እግርን ከጉልበት ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ አፍንጫ የእግር ጣቶችን እስኪያልፍ ጎንበስ ማለት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ብድግ። እኛ ቀጥ ብለን ወደ ላይ ለመነሳት ስለምንታገል ነው መልሰን ዘፍ የምንለው። የደም ግፊታቸው ሲነሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቆመው ጥቂት ይጠብቁ፤ ወዲያው አይራመዱ።

አሁን ወደ በሩ። እግር ሲተከል በጭራሽ አትጎትቻቸው። ላይኛው ሰውነት ይሄዳል፣ እግር ይቀራል፣ ይወድቃሉ። «ቶሎ በል» ማለትም ያባብሰዋል። ቆም ይበሉ፣ ይተንፍሱ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያወዛውዙ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ። በራሱ የሚሠራው የመራመድ ሥርዓት ሲዘጋ አንጎል ከውጭ ምልክት ሲያገኝ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ደፉ ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፊና እሱን ተሻግረው ይርገጡ። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር ወይም የሜትሮኖም (ምት የሚጠብቅ መሣሪያ) ድምፅ ለብዙዎቻችን ይሠራል። ሲዞሩ ደግሞ አንድ እግር ላይ ተሽከርክረው ሳይሆን ሰፊ ግማሽ ክብ እየሠሩ ይዙሩ። እየሄዱም አታውሪያቸው። ወሬ ካለሽ ቁሙና አውሩ።

ልምምዱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ የሚሠራ ቴራፒ ተስፋ ያስቆርጣል እንጂ አይረዳም። ቀለል ያለ ነገር ከፈለጉ ታይ ቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሚዛንን እንደሚያሻሽልና መውደቅን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አንድ ያልጠየቅሽውን ልጨምር። የንግግር ባለሙያ መዋጥንም ያያል። አባትሽ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ያዘለ ይመስላል? ያለ ምክንያት ከስተዋል? እንዲህ ካለ ከድምፁም በፊት ይህ ይታይ፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያስከትላልና። «አገጭ ዝቅ አድርጎ መዋጥ» የሚባለውን ዘዴ ደግሞ ከሰው ሰምታችሁ አትጀምሩ። ለአንዱ ይሆናል፣ ለሌላው አይሆንም፤ ተመርምሮ ነው የሚታወቀው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት፣ የሚወድቁበትንና እግራቸው የሚተከልበትን ቦታ ጽፈሽ ያዢ። በሩ ላይ ሲተከሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ በቪዲዮ ቅረጪያቸው። ባለሙያ ፊት ስንቀርብ ሁላችንም ቀጥ ብለን ነው የምንራመደው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።